ጭስ ማውጫው ሁለት ቢሆን፣ ጉልበቱ እጥፍ ይሆናልን?

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ጠረፍ ወይም በአሜሪካና በአውሮፓ ሐይቆች ዳር የዕረፍት ቀኑን የሚያሳልፍ ሰው የጄት ስኪን ድምፅ ሳይሰማ ወደ ቤቱ አይመለስም። ከእነዚህ የውሃ ላይ ተሽከርካሪዎች መካከል አንደኛው ወገን በመልኩም በድምፁም ከቀሩት ይለያል። ነጂው አይቀመጥበትም፤ ከፍና ዝቅ የሚለውን መሪ ጨብጦ፣ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ቆሞ ይነዳዋል። ድምፁም የዘመናዊው ባለ አራት ምት ሞተር ጉርምርምታ አይደለም፤ ቀጭን፣ ስለታምና ቁጡ ነው። ይህ ባለ ሁለት ምት ሞተር የተገጠመለት፣ ቆመው የሚነዱት ጄት ስኪ ነው።

የዚህ ጄት ስኪ ወዳጆች ለዓመታት ሲከራከሩበት የኖሩት አንድ ጉዳይ አለ። ከፋብሪካ ሲወጣ ሁለቱ ሲሊንደሮች በአንድ የጭስ ማውጫ ይተነፍሳሉ። ያንን አውልቆ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱን ማውጫ መግጠም ይሻላልን? ደጋፊዎቹ «ሁለት አፍንጫ ያለውን ሞተር በአንድ አፍንጫ እንዲተነፍስ ለምን ይፈረድበታል?» ይላሉ። አባባሉ ይማርካል፤ በእሽቅድምድም ሜዳ ላይም እውነትነት አለው። ለአብዛኛው ባለቤት ግን አሳሳች ነው። የሚያስከፍለው ዋጋም በገንዘብ ብቻ አያበቃም፤ ሞተሩንና የነጂውን ደኅንነት ይነካል፣ ሞተሩ የሚንሳፈፍበትንም ውሃ ይጨምራል።

ማውጫ ብቻ ያልሆነ ማውጫ

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ባለ ሁለት ምት ሞተር ከባለ አራት ምቱ በምን እንደሚለይ ማስታወስ ያስፈልጋል። ባለ አራት ምት ሞተር አየርና ቤንዚን የሚገባበትንም ሆነ ጭስ የሚወጣበትን በር በቫልቭ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ባለ ሁለት ምቱ በተለመደው አሠራሩ ይህ የለውም። በሮቹ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የተቀረጹ ክፍተቶች ናቸው፤ የሚከፍታቸውና የሚዘጋቸውም ሽቅብ ቁልቁል የሚመላለሰው ፒስተን ራሱ ነው። ስለዚህ አዲሱ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ በሚገባበት ቅጽበት የጭሱም በር ገና ክፍት ነው። አዲሱ ድብልቅ ጭሱን እየገፋ ያስወጣዋል፤ ከፊሉ ግን ሳይቃጠል ከጭሱ ጋር አብሮ ይወጣል። እንግዳ ለመቀበል በር የከፈተ ሰው የገዛ ቤተሰቡ አብሮ ሲወጣበት እንደማየት ነው።

የሚያመልጠውን ድብልቅ ማን ይመልሰው? መልሱ የተገኘው ከጭስ ማውጫው ቅርጽ ነው። የጭሱ በር ሲከፈት ወደ ቧንቧው የሚወነጨፈው የግፊት ማዕበል በድምፅ ፍጥነት ይጓዛል። ቧንቧው መጀመሪያ ቀስ በቀስ ይሰፋል፤ ማዕበሉ በዚህ ሲያልፍ ወደ ኋላ የሚስብ ዝቅተኛ ግፊት ይልካል፤ ይህም ጭሱን ከሲሊንደሩ ስቦ ያወጣል። ቀጥሎ ቧንቧው መልሶ ይጠባል፤ ማዕበሉ በጠባቡ ግድግዳ ተመትቶ ይመለስና ሊያመልጥ የነበረውን ድብልቅ ገፍቶ ወደ ሲሊንደሩ ያስገባዋል። ፒስተኑም ወዲያውኑ በሩን ይዘጋል። በአገር ቤት ቋንቋ ቢነገር፣ መካኒኩ ማርሚታ ብሎ የሚጠራው ዕቃ በዚህ ሞተር ላይ ተለክቶ የተሠራ የገደል ማሚቶ ነው። ድምፁ ሄዶ ይመለሳል፤ ሥራውን የሚሠራው በተመለሰበት ሰዓት ነው።

ይህን ጥበብ ለታላቅ ውጤት ያበቃው በምሥራቅ ጀርመን በኤም ዜድ የሞተር ብስክሌት ፋብሪካ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ዋልተር ካደን ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባደረገው ድካም፣ በ1961 የኤም ዜድ 125 ሲሲ ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት ያህል ሰጠ፤ ይህም በአንድ ሊትር 200 የፈረስ ጉልበት ማለት ነው። በዚያው ዓመት የፋብሪካው ነጂ ኧርንስት ዴግነር ወደ ምዕራብ ከድቶ ወደ ጃፓኑ ሱዙኪ ገባ፤ ዕውቀቱም አብሮት ተሻገረ። በ1962 ዴግነር በሱዙኪ ላይ ሆኖ የ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ባለ ሁለት ምት ሞተር የእሽቅድምድሙን ሜዳ ለአሥርት ዓመታት ገዛው። ፋብሪካዎች ምሥጢር አድርገው የያዙትና ሰው የከዳበት ነገር፣ በውጭ ሲታይ የታጠፈ ቆርቆሮ ብቻ ነበር።

ጠባብ ቤት፣ ረጅም ቧንቧ

ቆመው የሚነዱት ጄት ስኪ ከክሌይተን ጃኮብሰን ሐሳብ ተነሥቶ በ1973 በካዋሳኪ አማካይነት ለገበያ ቀረበ። በ1990 የተከተለው የያማሃ ሱፐርጄት እስከ 2020 ድረስ በባለ ሁለት ምት ሞተር ሲመረት ቆየ። የዚህ ጄት ስኪ የኋለኛው ሞተር ሁለት ሲሊንደር፣ 701 ሲሲና ወደ 73 የፈረስ ጉልበት ያለው ነው። የአካሉ ርዝመት ግን 2 ሜትር ከ24 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱም 68 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በዚህ ጠባብ ቤት ውስጥ ሞተሩ፣ የቤንዚን ታንኩ፣ ባትሪውና ጭስ ማውጫው ተጠጋግተው ይኖራሉ።

አሁን ቀላል ስሌት ይከተል። ሞተሩ በደቂቃ 6000 ዙር ሲዞር፣ አንዱ ዙር የሚፈጀው የሰከንድ አንድ መቶኛ ነው። የጭሱ በር ክፍት ሆኖ የሚቆየው ለዙሩ ግማሽ ያህል ጊዜ ነው እንበል፤ ይህ አምስት ሺህኛ ሰከንድ ይሆናል። በትኩስ ጭስ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ ከ500 ሜትር በላይ ይጓዛል። ስለዚህ ማዕበሉ በሩ ሳይዘጋ ሄዶ የሚመለሰው ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ መሄጃው ብቻ ሲታሰብ ደግሞ አንድ ሜትር ከሩብ ገደማ ይሆናል። ይህን የሚያህል ቧንቧ፣ ያውም ሆዱ የሰፋ፣ ከሁለት ሜትር ጥቂት በሚበልጥ አካል ውስጥ አንዱን ማስገባት በራሱ ጥበብን ይጠይቃል። ሁለተኛውን መጨመር ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ፋብሪካዎቹ አንድ ማውጫ የመረጡት እንግዲህ ከድንቁርና አይደለም። ሁለቱ ሲሊንደሮች የሚተኩሱት በግማሽ ዙር ልዩነት እየተፈራረቁ ስለሆነ አንዱን ማውጫ በተራ ይጠቀሙበታል። ቦታ ይቆጠባል፣ ክብደት ይቀንሳል፣ ዋጋም ይረክሳል።

ይሁን እንጂ ጉድለቱ እውነተኛ ነው። የጋራው ማውጫ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይመታል፤ የአንደኛው ሲሊንደር ማዕበል ገና ሥራውን ሳይጨርስ የሁለተኛው ይደርሳል፤ ማሚቶዎቹም ይደበላለቃሉ። አንዱን ዋሽንት ሁለት ሰዎች እየተቀባበሉ ቢነፉት ዜማው ሊቀጥል ይችላል፤ የአንዱ ትንፋሽ በሌላው ላይ መውደቁ ግን አይቀርም። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ ማውጫ ሲሰጠው ማዕበሉ ይጠራል፣ ይሰላል፤ ቧንቧውም ለአንዱ ሲሊንደር ልክ ተሰፍቶ ይቃኛል። በተቃኘበት የዙር ፍጥነት ላይ ሞተሩ የበለጠ ጉልበት ይሰጣል። የሁለት ማውጫ ደጋፊዎች በዚህ ነጥብ ላይ አልተሳሳቱም።

ውሃ የሚጠይቀው ሒሳብ

ስሕተቱ የሚጀምረው «የበለጠ ጉልበት» የሚለው ሐረግ «የበለጠ ፍጥነት» ተብሎ ሲተረጎም ነው። ጄት ስኪ ጎማ የለውም፤ ማርሽም የለውም። ሞተሩ የሚያዞረው ውሃ ስቦ ወደ ኋላ የሚተፋ ፓምፕ ነው። የፓምፕ ሕግ ደግሞ ጨካኝ ነው፤ በአንድ ዓይነት ምላጭ የሚፈለገው ጉልበት በዙሩ ፍጥነት ኩብ ልክ ያድጋል። በሌላ አነጋገር የሞተሩን ጉልበት በ10 በመቶ ማሳደግ የተቻለ እንደሆነ፣ የዙሩ ፍጥነት የሚጨምረው 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በ73 የፈረስ ጉልበት ላይ ሰባት መጨመር በወረቀት ሲታይ ትልቅ ድል ነው፤ ውሃው ላይ ግን ሦስት እጅ ከመቶ ሆኖ ይቀራል። ያም ቢሆን የተጨመረው ክብደት ያልነካው እንደሆነ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ከመጀመሪያው ይከብዳል። የተቃኘ ማውጫ የሚረዳው በተቃኘበት የዙር ክልል ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ ክልል ውጭ ማሚቶው ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይደርሳል፤ ቀድሞ ሲደርስ ጭሱን ወደ ሲሊንደሩ ይመልሳል፣ ዘግይቶ ሲደርስ በሩን ተዘግቶ ያገኘዋል። ማዕበሉ በሰላ ቁጥር ክልሉ ይጠባል። የእሽቅድምድም ሞተር ብስክሌት ነጂ ይህን ጠባብ ክልል በማርሽ ብዛት ያካክሰዋል፤ ዙሩ ሲወርድ ማርሽ ቀይሮ መልሶ ይሰቅለዋል። ማርሽ የሌለው የጄት ስኪ ነጂ ይህ መላ የለውም። ከመታጠፊያ ሲወጣ፣ ከማዕበል ሥር ሲነሣ፣ ከውሃ ውስጥ ተነሥቶ ለመቆም ሲታገል የሚያስፈልገው ጉልበት በታችኛውና በመካከለኛው ዙር ያለው ነው። በታች ያለውን ሰጥቶ ከላይ ያለውን የገዛ ሰው፣ ለብዙ ሰዓት የሚሠራበትን ሸጦ ለጥቂት ሰከንድ የሚደሰትበትን ገዛ ማለት ነው።

በዚህ ላይ ርካሹ መላ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የጄት ስኪ ጭስ ማውጫ በውሃ ይቀዘቅዛል፤ በአንዳንዶቹ ላይም ውሃ በልክ ወደ ጭሱ ውስጥ ይረጫል። ውሃው ሲተን የጭሱን ሙቀት ይወስዳል፤ ጭሱ ሲቀዘቅዝ ድምፅ በውስጡ የሚጓዝበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ ማሚቶውም ይዘገያል። ውጤቱ ቧንቧው የረዘመ ያህል ነው። በዝቅተኛ ዙር ውሃ ጨምሮ፣ በከፍተኛ ዙር ውሃውን ቀንሶ፣ አንዱን ቧንቧ እንደ ሁለት የተለያዩ ቧንቧዎች ማሠራት ይቻላል። የክራርን ጅማት ጠበቅና ላላ እያደረጉ እንደመቃኘት ነው። ያለውን ማውጫ በትዕግሥት የቃኘ ባለቤት፣ ሁለት አዲስ ማውጫ ገዝቶ ሳይቃኝ ከገጠመው ሰው ቀድሞ ከዳር ቢደርስ ሊያስገርም አይገባም።

የቸኮለ ሰው ዕዳ

ሁለት ማውጫ በራሱ ሙሉ ነገር አይደለም። ሞተሩ ሲተነፍስ የሚወስደው አየር ሲለወጥ የሚያስፈልገው ቤንዚንም ይለወጣል፤ ካርቡሬተሩ እንደገና መስተካከል አለበት። ቤንዚኑ ካነሰ ፒስተኑ ይግላል። በባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ይህ ድርብ አደጋ ነው፤ ሞተሩን የሚያለሰልሰው ዘይት የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ነውና፣ ቤንዚን ሲያንስ ቅባቱም ያንሳል። የጋለ ፒስተን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል ወይም አናቱ ይበሳል። ካንዴላውን ፈትቶ ቀለሙን ማየት፣ የእያንዳንዱን ሲሊንደር የጭስ ሙቀት መለካት፣ የውሃውን መጠን መፈተሽ የግዴታ ሥራዎች ናቸው። ሲሊንደሮቹ ለየብቻ ሲተነፍሱ የሚለካውም የሚስተካከለውም ነገር በእጥፍ ይጨምራል።

ሞተር መንገድ ላይ ቢቆም ሰው ወርዶ ይገፋዋል። ከባሕር ዳርቻ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ነፋስ ወደ ጥልቁ በሚነፍስበት ሰዓት ቢቆም ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቆመው የሚነዱት ጄት ስኪ ካልተንቀሳቀሰ ቆመው አይጠብቁበትም፤ ነጂው ውሃ ውስጥ ይገባል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአበው ተረት የመካኒኮች መመሪያ ቢሆን ምንኛ ባማረ። ለመጨረሻዋ የፈረስ ጉልበት የሚቸኩል ሰው መጀመሪያ የሚያጣት ያለችውን ነው።

የውሃው ድርሻ

ክርክሩ በባለቤቱና በሞተሩ መካከል ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ የገንዘቡ ጌታ የፈቀደውን ያድርግ ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ውሃው ግን የሁሉም ነው። ካርቡሬተር ያለው የተለመደ ባለ ሁለት ምት ሞተር ከሚወስደው ቤንዚን እስከ ሩብ የሚደርሰውን፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጠውን፣ ሳያቃጥል ሊያስወጣ ይችላል። በጄት ስኪ ላይ ጭሱ የሚወጣው ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ስለሆነ፣ ያልተቃጠለው ቤንዚንና ዘይት በቀጥታ ሐይቁን ያገኘዋል።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ1996 የእነዚህን ሞተሮች ብክለት የሚገድብ ደንብ አውጥቶ እስከ 2006 ድረስ ደረጃ በደረጃ እንዲጠብቅ አደረገ። በካሊፎርኒያና በኔቫዳ ድንበር ላይ የሚገኘውና በውሃው ጥራት የታወቀው የታሆ ሐይቅ በ1999 ካርቡሬተር ያላቸውን ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ከለከለ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2003 ባወጣው መመሪያ ለመዝናኛ ጀልባዎች ሞተር የጭስ ገደብ አበጀ። ፋብሪካዎቹ መንገዱን ተከተሉ፤ ካዋሳኪ በ2017 ቆመው የሚነዱትን ጄት ስኪ በባለ አራት ምት ሞተር መልሶ አመጣው፤ ያማሃም በ2021 ሱፐርጄቱን ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ ባለ አራት ምት አደረገው። ወዳጆቹ አዘኑ፤ ኀዘናቸውም ምክንያት ነበረው። 139 ኪሎ ግራም ገደማ የነበረው አካል ወደ 170 ኪሎ ግራም ከብዷልና።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። የተቃኘው ማውጫ ራሱ የውሃው ባላጋራ አልነበረም። የሚያመልጠውን ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ የሚመልሰው እርሱ ነውና፣ በተቃኘበት ክልል ውስጥ ጉልበት የሚጨምረውም ብክነትን የሚቀንሰውም ይኸው ማሚቶ ነው። ችግሩ ከክልሉ ውጭ ያለው ጊዜ ነው። ክልሉን ለማጥበብ የተሠራ ሁለት ማውጫ፣ በዝግታ በሚነዳና በየዳርቻው በሚንሸራሸር ሰው እጅ ሲገባ፣ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ባልተቃኘበት ዙር ላይ ነው። ስለዚህ ለውድድር የተሠራውን ዕቃ ለሽርሽር የገጠመ ሰው ጉልበቱን አላገኘም፤ ቤንዚኑን ግን ለዓሣው ሰጠው።

ዕውቀቱ ይቆይ፣ ቦታው ይለይ

ታዲያ ሁለት ማውጫ ይጥፋ ማለት ነውን? አይደለም። በተከለለ የውድድር ሜዳ፣ በተለካ ነዳጅ፣ በሠለጠነ መካኒክ እጅ፣ ለመጨረሻው ዙር በተቃኘ ሞተር ላይ ትክክለኛ ስፍራው ነው። በዚያ ስፍራ ሦስት በመቶ አሸናፊውን ከተሸናፊው ይለያል፤ ነጂውም ሞተሩን ከከፍተኛ ዙር ዝቅ አያደርገውም። ከዚህም በላይ የማዕበሉ ዕውቀት ከሞተሩ ዘመን ጋር ሊቀበር አይገባም። ቤንዚኑን የጭሱ በር ሊዘጋ ሲል ወይም ከተዘጋ በኋላ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጩ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች፣ ብክነቱን በእጅጉ መቀነስ እንደሚቻል በበረዶ ላይ ተሽከርካሪዎችና በጀልባዎች ላይ አሳይተዋል። እነዚህም ሞተሮች ቢሆኑ ጭሳቸውን የሚያወጡት የካደን ውርስ በሆነ ስሌት ነው።

ጉዳዩ ለሀብታም አገር መዝናኛ ብቻ የሚቀር አለመሆኑንም ማየት ይገባል። በአፍሪካ ሐይቆችና ወንዞች ላይ ዓሣ አጥማጁንና ተሳፋሪውን የሚያጓጉዘው ትንሽ የጀልባ ሞተር ዛሬም በብዙ ስፍራ ባለ ሁለት ምት ነው፤ ቀላል፣ ርካሽና በመንደር ጥገና የሚነሣ በመሆኑ ተመርጧል። ሰዎች ከዚያው ሐይቅ ይጠጣሉ፣ ከዚያው ይበላሉ። በዚያ ያለው ባለሙያ የሚያስፈልገው የበለጠ የሚጮኽ ቧንቧ አይደለም፤ የሚያመልጠውን ቤንዚን ወደ ሲሊንደሩ የሚመልስለት ዕውቀት ነው። በአንዱ ዓለም ለጨዋታ የተደከመበት ስሌት በሌላው ዓለም የዓሣ አጥማጁን የነዳጅ ወጪ ቢቀንስ፣ ድካሙ እውነተኛ ዋጋውን አገኘ ማለት ነው።

ስለዚህ በጋራዡ ውስጥ ያረጀ ሱፐርጄት አስቀምጦ ሁለት ማውጫ ለመግዛት እጁን ወደ ኪሱ የሚሰድ ሰው ሦስት ጥያቄዎችን አስቀድሞ ቢመልስ ይበጀዋል። ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው በስንት ዙር ላይ ነው? ያለው አንድ ማውጫ በውሃውም በካርቡሬተሩም እስከ መጨረሻው ተቃኝቷልን? የሚነዳበት ውሃ የማን ነው? ሦስቱንም በቅንነት የመለሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው የሙቀት መለኪያና አዲስ ካንዴላ ይሆናል።

ድምፁ ያን ጊዜም ስለታም ነው፤ ማሚቶው ግን በሰዓቱ ይመለሳል።